«አልፎ አልፎ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

ከእንጅባራና ከዳንግላ ድንችና ከሰል እየጫነ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ የዕለት ሥራውን የሚያከናውነው በአማርኛና በአውኚ ነው። ይሁን እንጂ ገበያውን ከሚነኩ ወረቀቶች መካከል ጥቂት የማይባሉት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። የረድኤት ድርጅቶች የመንገድና የዋጋ ሪፖርት፣ የዝናብ ትንተና፣ የፀረ ተባይ ኬሚካል መግለጫ፣ የማሽን መመሪያ፣ አንዳንዴም የብድር ወይም የአቅርቦት ውል በዚሁ ቋንቋ ይመጣል። በእርግጥ እንግሊዝኛ ለዳንግላ የትናንት እንግዳ አይደለም። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ሮበርት ችስማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 መቀመጫውን በዚህችው ከተማ አድርጎ ጣናንና ዓባይን ሲያጠና ቆይቷል፤ ጥናቱንም በ1936 በመጽሐፍ አሳትሟል። በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛውን ማንበብ የቆንስሉ ጉዳይ ነበር። ዛሬ የነጋዴው ጉዳይ ሆኗል።

በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ ሰውን የሚያሳስቱት ትላልቆቹ ቃላት አይደሉም፤ እነሱን መዝገበ ቃላት ይፈታቸዋል። የሚያሳስቱት ከግሱ ጎን ተሸጉጠው አንድ ነገር ስንት ጊዜና በምን አኳኋን እንደሚደርስ የሚናገሩት ተውሳከ ግሶችና ዘመዶቻቸው ናቸው።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አውራ ጎዳና በተለያዩ ጊዜያት ተዘግቷል፤ ተከፍቷልም። እንዲህ ያለውን ሁኔታ የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ዘገባ በአንዱ ዓረፍተ ነገር መንገዱ «ኢንተርሚተንትሊ» ይዘጋል ሊል ይችላል፤ በሌላው «ስፖራዲክ» ግጭት አለ፣ በሦስተኛው መኪኖች «ኦኬዥናሊ» ለፍተሻ ይቆማሉ ይላል። ሦስቱንም ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ «አልፎ አልፎ» ነው። ትርጉሙ ስሕተት አይባልም። ነገር ግን የመጀመሪያውን ቃል የሰማ ሾፌር ለመንገድ ስንቅ ይይዛል፤ ሁለተኛውን የሰማ ባለ መኪና የኢንሹራንስ ውሉን አውጥቶ ያያል፤ ሦስተኛውን የሰማ ሰው ግማሽ ቀን ጨምሮ ጉዞውን ይቀጥላል። አንዱ አማርኛ ሦስት ውሳኔዎችን በአንድ ጆንያ ከተተ ማለት ነው።

«አልፎ አልፎ» ድሃ ቃል ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ስፋቱ ነው ችግር የሚያመጣው። ቃሉ ጊዜንም ቦታንም ይይዛል፤ «አልፎ አልፎ ይመጣል» ሲባል ስለ ቀናት ነው፣ «በማሳው ላይ አልፎ አልፎ ዛፍ ይታያል» ሲባል ስለ ቦታ ነው። አማርኛ ከዚህ ሌላ «አንዳንዴ»፣ «ከስንት አንዴ»፣ «እምብዛም»፣ «ቆየት እያለ»፣ «እዚህም እዚያም»፣ «ብልጭ ድርግም» እያለ የሚለያቸው ብዙ አባባሎች አሉት። ተርጓሚው ሲቸኩል አያነሣቸውም እንጂ አብዛኞቹ ለእንግሊዝኛዎቹ ቃላት ልክ የተሰፉ ናቸው።

«ብልጭ ድርግም» ለ«ኢንተርሚተንትሊ» ከሁሉም ይቀርባል። የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን በመሐል መተው፣ ማቋረጥ ማለት ነው። አንድ መኖር ያለበት ነገር አለ፤ ይቋረጣል፤ ደግሞ ይቀጥላል። በቀን 10 ጊዜ የሚጠፋ መብራትም፣ በወር 2 ጊዜ የሚዘጋ መንገድም በዚሁ ቃል ይጠራሉ፤ ቃሉ ስለ ቁጥር ምንም አይናገርም። የሚናገረው የሚቋረጠውና የሚቀጥለው ያው አንዱ ነገር፣ ያው መስመር፣ ያው መንገድ መሆኑን ነው። የውኃ ባለሙያዎች «ኢንተርሚተንት» ጅረት የሚሉት በዝናቡ ወራት የሚፈስሰውንና በበጋ የሚደርቀውን ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስሰው «ፔሬኒያል» ይባላል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ብቻ ወርዶ የሚጠፋው ደግሞ «ኤፌመራል» ነው። በበጋ በመስኖ ድንች ሊተክል ወንዝ ዳር መሬት የሚከራይ ሰው በጥናቱ ወረቀት ላይ ከሦስቱ የትኛው ቃል እንደሰፈረ ሳያይ ቀብድ ቢከፍል፣ ሚያዝያ ላይ የሚያገኘው ደረቅ አሸዋ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «ኢንተርሚተንትሊ» የሚል ያየ ነጋዴ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሲቋረጥ ለምን ያህል ጊዜ ነው?» የሚል መሆን አለበት። መልሱ ለሁሉም ሸቀጥ እኩል ዋጋ የለውም። ድንች ውኃ ያዘለ ሸቀጥ ነው። በሸራ ተሸፍኖ አይሱዙ ላይ 3 ቀን ቢቆም ይሞቃል፣ ያልባል፣ ከሥር ያለው ተጨፍልቆ ይበሰብሳል፤ አትክልት ተራ የደረሰ ዕለት ገዢው ጆንያውን ከፍቶ ዋጋ ይሰብራል። ከሰል ግን ዝናብ እስካልነካው ድረስ ከሳምንት በኋላም ከሰል ነው። የከሰሉ ነጋዴ የሚያጣው የመኪናውን ኪራይ፣ የሾፌሩንና የረዳቱን አበል እንዲሁም በጭነቱ ላይ የታሰረውን ገንዘብ ነው። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ተውሳከ ግስ አንዱ ይከስራል፣ ሌላው ይዘገያል። እንዲያውም መንገድ ተዘግቶ ሲከፈት ዋጋ ጨምሮ የሚጠብቀው የከሰል ነጋዴ ሊያተርፍም ይችላል። ይህን የሚያውቅ የድንች ነጋዴ መንገዱ «ብልጭ ድርግም» በሚልበት ወቅት ከማሳ ላይ ሳያስቆፍር፣ ድንቹ መሬት ውስጥ እንዳለ ይቆይለት ዘንድ ከገበሬው ጋር ይነጋገራል።

«ስፖራዲካሊ» ሌላ ጉዳይ ነው። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ሥሩ መዝራት፣ መበተን ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የወጣ አንድ ቃል አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ «ዲያስፖራ»። በየአገሩ የተበተነ ሕዝብ ማለት ነው። ፈንገስ የሚራባባት ደቃቅ ዱቄት መሰል ነገር፣ «ስፖር»፣ እሷም የዚሁ ቤተሰብ ናት። እንግዲህ «ስፖራዲክ» ያለ ጸሐፊ በእጅ እንደተበተነ ዘር እዚህም እዚያም፣ ዛሬም ሌላ ቀንም፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይያያዝ የሚታይ ነገር አለ ማለቱ ነው። እዚህ ላይ የሚቋረጥና የሚቀጥል አንድ ነገር የለም። የተበታተኑ ነጠላዎች ናቸው ያሉት፤ ቀጣዩ የት እንደሚወድቅ አይታወቅም። የጭነት መኪና ያለው ሰው «የተዘጋ መንገድ እስኪከፈት ልጠብቅ» ማለት የሚችለው ለ«ኢንተርሚተንት» ነው። ለ«ስፖራዲክ» መጠበቅ ብዙ አይረዳም፤ የሚረዳው ጭነትን በአንድ መኪና አለማከማቸት ነው።

ቃሉ በአዊ ዞን ምን ያህል ገንዘብ እንዳዘለ ለማየት ወደ ፋግታ ለኮማ ወረዳ መሄድ ይበቃል። በዚህ ወረዳ ብዙ ገበሬዎች አሲዳማ ሆኖ ምርት የነሳቸውን መሬት በዲከረንስ ሸፍነውታል። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዝርያ ነው። አሠራሩ ብልህ የሚባል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር ይውላል፤ ጤፉ ታጭዶ ዛፉ ይቀራል። ቀጥሎ ከሥሩ የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል። አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም አርፎ ለሌላ ጤፍና ለሌላ ችግኝ ይዘጋጃል። ከሰሉ በማዳበሪያ እየታሰረ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከቆራጩና ከአክሳዩ ጀምሮ እስከ ጫኙ፣ ደላላውና ቸርቻሪዋ ድረስ በዚህ ዛፍ የሚተዳደረው ሰው ብዙ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ገደማ በዚህ ዛፍ ላይ የዝገት በሽታ ታየ። መንስኤው ፈንገስ ነው፤ በነፋስ የሚጓዝ ስፖር አለው። የበሽታ ተመራማሪዎች ሦስት ቃላትን በደረጃ ይጠቀማሉ። በሽታው እዚህም እዚያም ተበታትኖ ሲታይ «ስፖራዲክ» ይባላል። በአንድ አካባቢ ጓዙን ጠቅልሎ ገብቶ በተለመደ መጠን ሲኖር «ኤንዴሚክ» ነው። ከተለመደው በላይ በድንገት ሲዛመት «ኤፒዴሚክ» ይሆናል። ማንም ወረርሽኝ ሲጀምር ስፖራዲክ መምሰሉ አይቀርም። የዲከረንሱም ዝገት በጥቂት ዛፎች አልቆመም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማሳ ከማሳ አዳርሶ የገበሬውን ቁጠባ በቁሙ አደረቀው። «አልፎ አልፎ ታይቷል» የሚለው አማርኛ ለጆሮ የሚያጽናና ቃና አለው፤ ቀላል ነው፣ ያልፋል የሚል ይመስላል። «ስፖራዲክ» ግን እንዲህ ያለ ተስፋ አይሰጥም። የሚናገረው ስለ መበተኑ ብቻ ነው፤ ነገ ምን እንደሚሆን ዝም ይላል። ችግኝ አፍልቶ የሚሸጥ፣ በቁሙ ያለ ደን ገዝቶ የሚያከስል ሰው በባለሙያ ሪፖርት ላይ ቃሉን ሲያገኝ ሁለተኛውን ሪፖርት መቼ እንደሚወጣ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ቁጥሩ ስንት ነው?

እስካሁን የተነሡት ቃላት ስለ አኳኋን ናቸው። ሌሎቹ ግን ስለ መጠን ናቸው፤ «ሰምታይምስ»፣ «ኦኬዥናሊ»፣ «ሴልደም»፣ «ሬርሊ»። እነዚህን በቁጥር መተመን ይቻል እንደሆነ ለማወቅ ሬይ ሲምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር፤ ይህን ቃል ስትሉ ከ100 ጊዜ ስንቱን ማለታችሁ ነው? አማካይ ቦታ ላይ የተገኘው መልስ ለ«ኦፍን» 78፣ ለ«ሰምታይምስ» 20፣ ለ«ኦኬዥናሊ» እንዲሁ 20፣ ለ«ሴልደም» 10፣ ለ«ሬርሊ» 5 ነበር። ሚልተን ሃከል የተባለ ሌላ ተመራማሪ በ1968 ጥያቄውን ደግሞ ሲያነሣ የቃላቱ ቅደም ተከተል ብዙም እንዳልተለወጠ፣ በግለሰቦች መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰፊ እንደሆነ አሳየ። የአንዱ «ሬርሊ» የሌላው «ኦኬዥናሊ» ሆኖ ተገኘ።

ይህን ወደ ገበያ ማምጣት አይከብድም። በዓመት 40 መኪና ጭነት የሚልክ ነጋዴ አለ እንበል። አንድ ጭነት በዘገየ ቁጥር 10,000 ብር ያጣል። የትራንስፖርት ድርጅቱ «መኪኖቻችን ሬርሊ ይዘገያሉ» ብሎ በጻፈ ጊዜ ከ100 አምስት ቢባል 2 መኪና፣ ማለትም የ20,000 ብር ኪሳራ ነው። «ኦኬዥናሊ» ብሎ ከሆነ ከ100 ሃያ ሲሰላ 8 መኪና፣ 80,000 ብር ነው። ሁለቱም ደብዳቤዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ «አልፎ አልፎ ይዘገያሉ» ይላሉ። የ60,000 ብር ልዩነት በአንዲት ቃል ውስጥ ተኝቷል።

ቃሉን ከነቁጥሩ አስረው ያስቀመጡ ሰዎችም አሉ። በአውሮፓ የመድኃኒት መግለጫ ላይ የጎንዮሽ ጉዳት «ሬር» ከተባለ ከ1,000 ተጠቃሚ ከአንድ በታች፣ ከ10,000 ግን ቢያንስ አንድ ሰው ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ከ10,000 ከአንድ በታች ከሆነ «ቬሪ ሬር» ይባላል። «ኮመን» የሚባለው ከ100 እስከ 10 ሰው አንዱን የሚነካ ነው። ስለዚህ የዳንግላ ፋርማሲስት በአውሮፓ መድኃኒት ሣጥን ውስጥ የሚያነበው «ሬር» ከሲምፕሰን ተማሪዎች «ሬርሊ» ቢያንስ 50 ጊዜ ያነሰ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ መዝገቡ ግን የተለያየ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚጥል አንድ ወጥመድ አለ። «እምብዛም» ያለ አፍራሽ ግስ አይሄድም፤ «መኪና እምብዛም አይመጣም» ይባላል። እንግሊዝኛው ግን አፍራሽነቱን በቃሉ ውስጥ ጨርሶታል። «ትራክስ ሴልደም ካም» ብሎ ማለቅ አለበት። የአማርኛውን ልማድ ይዞ «ትራክስ ዱ ኖት ሴልደም ካም» ብሎ የጻፈ ነጋዴ መኪና በብዛት ይመጣል ብሎ ፈርሟል። «ሬርሊ»ም «ሃርድሊ»ም እንዲሁ ናቸው። «ሃርድሊ» ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። ከ«ሃርድ» ጋር ዘመድ ስለሚመስል «ሠራተኞቻችን በርትተው ይሠራሉ» ለማለት «አወር ወርከርስ ወርክ ሃርድሊ» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። ገዢው የሚያነበው «ሠራተኞቻችን ሥራ የሚባል አይነኩም» የሚል ነው። ለቦታቸው ያህል፣ እነዚህ ቃላት ከዋናው ግስ ፊት፣ ከ«ኢዝ»ና «አር» ኋላ ይገባሉ፤ ከዚህ በላይ የሰዋስው ጉዳይ ነው።

ዙርና መንከራተት

ብዙ ጊዜ ከማይደርሱት ነገሮች መካከል ቀን ጠብቀው የሚመጡ አሉ። ለእነዚህ «አልፎ አልፎ» ማለት ጭራሽ ስሕተት ነው። እንግሊዝኛ «ፒሪዮዲካሊ» ይላል። ቃሉ ከግሪክ ሲመጣ «ዙሪያ» እና «መንገድ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው፤ ዞሮ መምጣት ማለት ነው። የጂኦግራፊና የኢኮኖሚክስ ምሁራን በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚቆምን ገበያ «ፒሪዮዲክ ማርኬት» ብለው ይጠሩታል። ጄምስ ስታይን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 የኮሪያን ገበያዎች መነሻ አድርጎ ምክንያቱን አስረድቷል። በአንድ ቦታ ያለው ሸማች ሱቅ በየቀኑ ለመክፈት የሚያበቃ ገንዘብ ካላወጣ ነጋዴው ከገበያ ገበያ ይዞራል፤ ሸማቹም ፍላጎቱን አጠራቅሞ በአንድ ቀን ይመጣል። ይህን ለመረዳት የአዊ ሰው ኮሪያ መሄድ አያስፈልገውም። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ያለችው የፋግታ ለኮማ ዋና ከተማ አዲስ ቅዳም ቀኑን በስሟ ይዛ ተቀምጣለች። በየገበያው ጨው፣ ጨርቅና ሳሙና ይዞ የሚዞር ቸርቻሪ ደግሞ የቃሉን የግሪክ ትርጉም በእግሩ እየፈታ ነው።

የዲከረንሱ ገቢም «ፒሪዮዲክ» ነው፤ በየአራትና አምስት ዓመቱ ዞሮ ይመጣል። መሬቱን በአንድ ጊዜ የተከለ ገበሬ አምስት ዓመት ጠብቆ ብዙ ብር በአንድ ቀን ያያል፤ መሬቱን ከፋፍሎ በየዓመቱ የተከለ ግን የአምስት ዓመቱን ዙር ወደ ዓመታዊ ደመወዝ ለውጦታል። ብድር የሚሰጥ ድርጅት የመክፈያውን ጊዜ ከዛፉ ዙር ጋር ካላገጣጠመ ተበዳሪው ገቢ ሳይኖረው ዕዳ ይደርስበታል።

«ኢራቲክ» የዚህ ተቃራኒ ነው። ላቲኑ መንከራተት፣ መንገድ መሳት ማለት ነው። በዝናብ ሪፖርት ላይ ይህን ያህል የሚደጋገም ቃል ጥቂት ነው። ዳንግላ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ስትሆን ከ10 እጅ 9 ያህሉ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ክረምቱ መምጣቱ «ሲዝናል» ነው፤ ቀጠሮ አለው። የሚንከራተተው የሚጀምርበት ቀንና በመሐል የሚያቆምበት ሳምንት ነው። የዓመቱ ድምር ጥሩ ሆኖ ስርጭቱ «ኢራቲክ» ሊሆን ይችላል፤ ድንችም የሚበላሸው በስርጭቱ ነው። ይህን ለመናገር በየዕለቱ የተለካ መዝገብ ያስፈልጋል። በዳንግላ ወረዳ በዳንገሽታ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ገበሬዎች ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውኃ በየጊዜው እየለኩ መዝግበዋል። ተመራማሪዎቹም የገበሬዎቹ መረጃ ከመደበኛው መለኪያ ጋር የሚወዳደር ጥራት እንዳለው ጽፈዋል። «ዝናቡ ከፋ» በሚልና «ዝናቡ ኢራቲክ ነበር» በሚል ሰው መካከል ያለው ልዩነት ያ ደብተር ነው።

«ስፓዝሞዲካሊ» የሚለውም አለ፤ ከጡንቻ መሸምቀቅ የመጣ ስለሆነ በድንገት ተነሥቶ በድንገት ለሚሞት ሥራ ይነገራል። ብዙ አያስቆምም። ለአዊ አንባቢ የሚጥመው «ደሰልተሪ» የሚለው ነው። በጥንቱ የሮም የፈረስ ትርዒት «ደሰልቶር» የሚባል ፈረሰኛ ነበረ፤ ሥራው ከሚጋልበው ፈረስ ጀርባ ዘልሎ ወደ ሌላው መሸጋገር ነው። ከዚያ ዝላይ የወጣው ቃል ዛሬ ያለ ዓላማ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚዘል፣ የማይረጋ ሥራን ያመለክታል። የውጭ ጋዜጦች የአክሲዮንና የሸቀጥ ገበያ ዘገባ ግብይቱ «ደሰልተሪ» ነበር ሲል ገዢና ሻጭ እየተገናኙ ዋጋውም ወዲያና ወዲህ እያለ፣ ነገር ግን ማንም ከልቡ ሳይገበያይ ቀኑ መሸ ማለቱ ነው። ፈረሰኛነትን ለማይጠቅም ሥራ ምሳሌ ማድረግ ግን በእንጅባራ የሚያስቀይም ነው። ፈረሰኞች በአድዋና በአርበኝነት ዘመን የነበራቸውን ድርሻ ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው ጥር 23 ቀን ነው። እሱ «አኑዋሊ» ነው፤ ለፈረስ ዕቃ ሠሪው፣ ለሆቴሉና ለጠጅ ቤቱ ከወራት በፊት የሚታወቅ ገበያ ነው።

ከጊዜ ወደ ጊዜ

ከሁሉም አደገኛው በውል ላይ የሚገባው «ፍሮም ታይም ቱ ታይም» ነው። ቃል በቃል ሲመለስ «ከጊዜ ወደ ጊዜ» ይሆናል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ዋጋው ከጊዜ ወደ ጊዜ ይጨምራል» ሲባል ቀስ በቀስ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ሳያቋርጥ ይጨምራል ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ተራ ንግግር ግን ትርጉሙ «አንዳንዴ» ነው። በሕግ ሰነድ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ትርጉም አለው፤ «በማናቸውም ጊዜ፣ አስፈላጊ ሆኖ በተገኘ ቁጥር»። «አበዳሪው የወለዱን መጠን ፍሮም ታይም ቱ ታይም ሊለውጥ ይችላል» የሚል አንቀጽ ለአበዳሪው ያለ ቁጥርና ያለ ቀን ገደብ ሥልጣን ይሰጣል። በዓመት አንዴም ሊለውጥ ይችላል፣ በወር ሁለቴም። ወደ ላይም ወደ ታችም። ተበዳሪው «ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው» ብሎ ቢፈርም ያነበበው አማርኛውን ነው፤ የፈረመው እንግሊዝኛውን ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ያገኘ ሰው በዓመት ከስንት ጊዜ እንደማይበልጥና ከስንት ቀን ቀደም ብሎ በጽሑፍ እንደሚነገረው እንዲጨመርለት መጠየቅ መብቱ ነው።

በአቅርቦት ውል ላይ «ባይዊክሊ» የሚለውም ተመሳሳይ ዕዳ አለበት፤ ይህ ግን የአማርኛ ችግር አይደለም። እንግሊዞቹም ራሳቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሁን በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ አልተስማሙበትም፤ መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ይመዘግባል። ለአንድ ሆቴል 10 ኩንታል ድንች «ባይዊክሊ» ለማቅረብ የተዋዋለ ነጋዴ በአንዱ ትርጉም በአራት ሳምንት 20 ኩንታል፣ በሌላው 80 ኩንታል ዕዳ አለበት። «ትዋይስ ኤ ዊክ» ወይም «ኤቭሪ ሰከንድ ሳተርደይ» ብሎ መጻፍ ሁለት ሦስት ቃል ቢያስጨምርም ድንቹን ማን እንደሚጭነውና መቼ እንደሚጭነው ለሁለቱም ወገን ቁርጥ ያደርገዋል።